ባዶው ወንበር የማን ነው? በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የቅርጫት ኳስ ተመልካችን የማብዛት ጥያቄ

በአሜሪካ ብሔራዊ የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር አንደኛ ምድብ ውስጥ በቅርጫት ኳስ የሚወዳደሩት ዩኒቨርሲቲዎች ከ350 በላይ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ስማቸው ከሀገራቸው አልፎ የሚሰማው ጥቂቶቹ አዳራሻቸውን ለመሙላት አይቸገሩም፤ ከቀሩት ብዙዎቹ ግን ከኖቬምበር እስከ ማርች ባለው የውድድር ዘመን ግማሽ በግማሽ ባዶ በሆነ አዳራሽ ይጫወታሉ። የስፖርት ጽሕፈት ቤቶቻቸው ለዚህ ችግር የሚሰጡት መልስ ከቦታ ቦታ እምብዛም አይለያይም፦ ቀድሞ ለደረሰ ተማሪ ነጻ ካናቴራ፣ ነጻ ፒዛ፣ በእረፍት ሰዓት የሚወጣ ዕጣ፣ ጆሮ የሚያደነቁር ሙዚቃ፣ ከሜዳው በላይ የተንጠለጠለ ግዙፍ ስክሪን። ጥያቄውም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሰውን እንዴት እናምጣ?»

የዚህ ጽሑፍ አቋም ጥያቄው ራሱ ከተሳሳተ ቦታ ይነሣል የሚል ነው። ሰው ወደ ዩኒቨርሲቲ ጨዋታ ደጋግሞ የሚመጣው ስጦታ ስለተሰጠው ሳይሆን በጨዋታው ውስጥ ድርሻ ስላለው ነው። ድርሻ መኖሩ ደግሞ በሁለት ነገሮች ይታወቃል፦ ተመልካቹ ከሜዳው ምን ያህል ቀርቦ እንደሚቀመጥና በተቀመጠበት ቦታ የሚሆነውን የሚወስነው ማን እንደሆነ። ስለዚህ ተመልካች ከማስመጣት ጥያቄ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ «ወንበሩ የማን ነው?» የሚለው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ከመነሻው የቀረበ ተመልካች

ጄምስ ኔይስሚዝ በ1891 በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ ጨዋታውን ሲፈጥሩ ሁለት የኮክ ቅርጫቶች በአዳራሹ ሰገነት ላይ እንዲቸነከሩ አደረጉ። ጨዋታው በተስፋፋባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተመልካቾች በእንዲህ ያለው ሰገነት ላይ ይቆሙ ስለነበር ወደ ቅርጫቱ የሚሄደውን ኳስ በእጃቸው እየመለሱ አስቸገሩ። ዛሬ ከቅርጫቱ ጀርባ የሚታየው ሰሌዳ የተጨመረው ይህን ጣልቃ ገብነት ለመከላከል ነበር። በሌላ አነጋገር ከጨዋታው ዋና ዋና መሣሪያዎች አንዱ የተፈለሰፈው ተመልካቹ እጅግ ቅርብ ስለነበረ ነው።

ተመልካች የሚሆነው ማን ነው የሚለው ጥያቄም ቢሆን አዲስ አይደለም። ሴንዳ በረንሰን በ1893 በስሚዝ ኮሌጅ የመጀመሪያውን የሴት ተማሪዎች ጨዋታ ሲያዘጋጁ ወንዶች ወደ አዳራሹ እንዳይገቡ ተከልክለው ነበር። በ1896 የስታንፎርድና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪዎች ባደረጉት፣ ስታንፎርድ 2 ለ 1 ባሸነፈበት ውድድር 700 ያህል ተመልካቾች ተገኝተዋል፤ ሁሉም ሴቶች ነበሩ። የክልከላው ምክንያት የዚያ ዘመን የጨዋነት አስተሳሰብ ነው፤ ውጤቱ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። ተመልካቹና ተጫዋቹ የአንድ ማኅበረሰብ አባላት ነበሩ፤ አዳራሹም የእነርሱ ነበር።

በፊላደልፊያ ከተማ በ1927 የተከፈተውና 8,700 ያህል ሰው የሚይዘው የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ፓሌስትራ ይህን ቅርበት በሕንጻ መልክ ያስቀመጠ ነው። መደዳ አግዳሚዎቹ እስከ ሜዳው ጠርዝ ይወርዳሉ። ከ1955 ጀምሮ የከተማዋና የአካባቢዋ አምስት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ማለትም ፔንስልቬንያ፣ ላ ሳል፣ ሴንት ጆሴፍስ፣ ቴምፕልና ቪላኖቫ፣ በዚህ አዳራሽ በአንድ ምሽት ሁለት ሁለት ጨዋታ እያደረጉ ለዓመታት አብረው ሠርተዋል። የመጀመሪያው ቅርጫት ሲቆጠር ተማሪዎች ባለቀለም የወረቀት ጥቅልል ወደ ሜዳው ይወረውሩ ነበር፤ ልማዱ በኋላ በደንብ ታገደ። በጨርቅ ላይ ተጽፎ በሚዘረጋ የፌዝ ጽሑፍም ይጎነታተሉ ነበር። ይህን ሁሉ ያመጣ የማስታወቂያ ክፍል አልነበረም፤ የተማሪዎቹ የራሳቸው ፈጠራ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ የቆሙ ሁለት ትልልቅ ቁጥሮች አሉ። በጃንዩዋሪ 1968 ሂዩስተን ዩሲኤልኤን 71 ለ 69 ባሸነፈበት ጨዋታ በአስትሮዶም 52,693 ሰው ተገኝቷል። በዲሴምበር 2003 ደግሞ ሚሺጋን ስቴትና ኬንታኪ በዲትሮይት ከተማ በፎርድ ፊልድ ሲጫወቱ 78,129 ሰው ተቆጥሯል። ሁለቱም ጨዋታዎች በታሪክ የሚታወሱ ናቸው፤ በ1968ቱ ግን ሜዳው በሰፊው ወለል መካከል ብቻውን ተዘርግቶ ስለነበር የቅርቡ ተመልካች እንኳ ከተጫዋቾቹ በብዙ እርምጃ ይርቅ ነበር። እንዲህ ያለው ዝግጅት አንድ ቀን ሰው ይሰበስባል እንጂ በሚቀጥለው ማክሰኞ ምሽት የሚመለስ ተመልካች አያፈራም። ቁጥርን ማሳደግና ተመልካችን ማፍራት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ድል ብቻውን የማይፈታው ስሌት

በዚህ አቋም ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ ግልጽ ነው፦ «ቡድኑ ካሸነፈ አዳራሹ ይሞላል፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ወሬ ነው።» ተቃውሞው ባዶ አይደለም። ሮበርት ቻልዲኒና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ1976 ያሳተሙት ጥናት የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ባሸነፈ ማግስት ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲውን ስምና ምልክት የያዘ ልብስ ይበልጥ እንደሚለብሱ አሳይቷል። ስለ ድል ሲናገሩ «እኛ» ማለት ይቀናቸዋል፤ ስለ ሽንፈት ሲናገሩ ግን «እነርሱ» ማለት ያዘወትራሉ። ሰው ከአሸናፊ ጋር መታየት ይወዳል።

ሆኖም ይኸው ግኝት የመከራከሪያውን ድክመትም ይዟል። በእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ አሸናፊና አንድ ተሸናፊ አለ፤ በመላው ምድብ የድሎች ድምር ከሽንፈቶች ድምር ጋር ሁልጊዜ እኩል ነው። ስለዚህ «አሸንፉ፣ ሰው ይመጣል» የሚለው ምክር ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ ለሁሉም ግን በሒሳብ ሕግ ሊሠራ አይችልም። በድል ላይ ብቻ የቆመ ዝምድና ሽንፈት በመጣ ጊዜ «እነርሱ» ወደሚል ቃል ይለወጣል፤ ወንበሩም ያን ጊዜ ባዶ ይሆናል። የተመልካች ፖሊሲ መለኪያው በመጥፎው ዓመት ስንት ሰው እንደሚቀር እንጂ በመልካሙ ዓመት ስንት ሰው እንደሚመጣ አይደለም።

ሳይመን ሮተንበርግ በ1956 ያቀረቡት ሐሳብም በዚሁ ረገድ ይረዳል። እርሳቸው ስለ ቤዝቦል ሲጽፉ ውጤቱ አስቀድሞ የማይታወቅ ውድድር ተመልካችን ይስባል የሚለውን መከራከሪያ አስቀመጡ፤ ከዚያ ወዲህ በስፖርት ኢኮኖሚክስ ውስጥ በሰፊው የሚፈተን መላ ምት ሆኗል። የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ መርሐ ግብር ግን ከዚህ መላ ምት ጋር የሚጋጭ ልማድ አለው። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች በኖቬምበርና በዲሴምበር አነስተኛ ዩኒቨርሲቲዎችን ገንዘብ ከፍለው ወደ ሜዳቸው ይጠራሉ። ትልቁ በቤቱ ድል ይገዛል፤ ትንሹ ደግሞ በጀቱን ይደጉማል። ከዚህ የሚጎዱት የሁለቱም ተማሪዎች ናቸው። የትልቁ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ውጤቱን አስቀድሞ የሚያውቀውን ጨዋታ እንዲያይ ይጋበዛል፤ የትንሹ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ የራሱን ቡድን በራሱ አዳራሽ የሚያይበት ምሽት ይቀንስበታል። ለጥቂት ሳምንታት እንግዳ ሆኖ የከረመ ቡድን ሲመለስ የሚጠብቀው ሰው ባይኖር ሊያስገርም አይገባም።

የቦታና የሥልጣን ጉዳይ

በዱክ ዩኒቨርሲቲ ያለው ካሜሮን ኢንዶር ስታዲየም በ1940 የተከፈተ፣ 9,314 ሰው የሚይዝ፣ ከእኩዮቹ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ የሚባል አዳራሽ ነው። የሚለየው አቀማመጡ ነው። ከሜዳው ዳር ያሉት አግዳሚዎች የተማሪዎች ሲሆኑ ገንዘብ የሚለግሱት ደጋፊዎች ከፍ ባለው ክፍል ይቀመጣሉ። ከ1986 ጀምሮ ደግሞ ተማሪዎች ከታላላቅ ጨዋታዎች በፊት በአዳራሹ ደጅ ድንኳን ተክለው ወረፋ ይይዛሉ፤ ሰፈሩም በቀድሞው አሠልጣኝ በማይክ ሽሸፍስኪ ስም ሽሸፍስኪቪል ይባላል። በድንኳን ውስጥ ስንት ሰው ማደር እንዳለበት፣ ቆጠራው መቼ እንደሚካሄድ፣ ቦታውን የሚያጣው ማን እንደሆነ የሚወስኑ ደንቦች አሉ፤ ደንቦቹን የሚያስፈጽሙትም ራሳቸው ተማሪዎች ናቸው። በገንዘብ ሊሸጥ ይችል የነበረ ቦታ በጊዜና በትዕግሥት የሚገኝ ሆኗል። በሰው ፊት ሌሊት አድሮ ያገኘውን ወንበር ባዶ የሚተው ተማሪ አይኖርም።

«ዱክ የሚያሸንፍ ቡድን ስለሆነ ነው» ይባል ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆነው ከአንደኛው ምድብ ውጭ የሚጫወተው፣ በኢንዲያና ግዛት የሚገኘው ቴይለር ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚህ አነስተኛ ዩኒቨርሲቲ ከመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ማጠቃለያ ፈተና በፊት በሚደረግ አንድ ጨዋታ ተማሪዎች አዳራሹን ሞልተው ቡድናቸው አሥረኛ ነጥቡን እስኪያስቆጥር ድረስ ጸጥ ብለው ይቀመጣሉ። አሥረኛው ነጥብ ሲገባ ጩኸቱ ይፈነዳል። ብዙዎቹ የሚመጡት አስቂኝ ልብስ ወይም የሌሊት ልብስ ለብሰው ነው። ዝግጅቱ ከዩኒቨርሲቲው አልፎ በሀገር ደረጃ ታውቋል፤ ወጪው ግን ከምንም አይቆጠርም። ምሥጢሩ ቀላል ነው፦ ዝምታው ያለ እያንዳንዱ ተመልካች አይሆንም። አንድ ሰው ቢጮህ ይፈርሳል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው አስፈላጊ ነው።

በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲም ከ2013 ጀምሮ ተማሪዎች ከቅርጫቱ ጀርባ መጋረጃ ይዘው ይቆማሉ። የተጋጣሚው ተጫዋች የቅጣት ውርወራ ሊወረውር ሲዘጋጅ መጋረጃው ተከፍቶ ያልተጠበቀ ትርዒት ይታያል፤ ዓላማው ወርዋሪውን ማሳሳት ነው። ይህ በውጤቱ ላይ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል የሚለው የራሱ ክርክር ያለው ጉዳይ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ቁም ነገር ተማሪው «ብገኝ ለውጥ አመጣለሁ» ብሎ እንዲያምን የሚያደርግ ቦታና ሥራ መሰጠቱ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ ተማሪው ከቅርጫቱ ጀርባ ሲቀመጥ ነው፤ ከላይኛው ሰገነት መጋረጃ ቢከፈት ማንም አያየውም።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። አንድ ልዩ ምሽት አንድ ልዩ ምሽት ነው፤ የውድድር ዘመኑን ሌሎች ጨዋታዎች በራሱ አይሞላም። በሌላ ዩኒቨርሲቲ የተወለደን ልማድ ገልብጦ ማምጣትም አይበጅም፤ ጽሕፈት ቤቱ ያዘዘው ዝምታ ዝምታ እንጂ ልማድ አይሆንም። ሊገለበጥ የሚችለው ልማዱ የተወለደበት ሁኔታ ነው፦ ቅርብ ቦታ፣ የተወሰነ ሥልጣን፣ አንዳንዴ ለሚያስቀይም ቀልድ የሚበቃ ትዕግሥት።

ሳውዝ ካሮላይናና አይዋ የሚመሰክሩት

በሴቶች ቅርጫት ኳስ ያለፉት ዓመታት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በአንዲት ተጫዋች ስም ነው። ኬትሊን ክላርክ ለአይዋ ዩኒቨርሲቲ ስትጫወት በኦክቶበር 2023 በኪኒክ ስታዲየም ከዲፖል ጋር በተደረገው የወዳጅነት ጨዋታ 55,646 ሰው ተገኝቷል። በ2024 የሴቶቹን የፍጻሜ ጨዋታ በቴሌቪዥን የተከታተለው ከ18 ሚሊዮን በላይ ሰው ሲሆን የወንዶቹን የተመለከተው 15 ሚሊዮን ገደማ ነበር። የክላርክ ድርሻ የሚካድ አይደለም፤ ነገር ግን አይዋ ውስጥ ተመልካቹን የፈጠረችው እርሷ ናት ማለት ታሪክን መዝለል ነው።

ክላርክ ከመወለዷ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በፌብሩዋሪ 1985፣ ቪቪያን ስትሪንገር ያሠለጥኑት የነበረው የአይዋ ሴቶች ቡድን ከኦሃዮ ስቴት ጋር ሲጫወት በካርቨር ሆክአይ አዳራሽ 22,157 ሰው ተቆጥሯል፤ ይህም ከአዳራሹ አቅም በላይ ነበር። ከዚያም በስተጀርባ የከተሞችና የገጠር ትምህርት ቤቶች ታሪክ አለ። በአይዋ ግዛት ለብዙ አሥርት ዓመታት፣ እስከ 1993 ድረስ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሴቶች በየቡድኑ ስድስት ስድስት ሆነው የሚጫወቱት የተለየ ቅርጫት ኳስ ነበር፤ የግዛቱ ሻምፒዮናም የትንንሽ ከተሞችን ነዋሪዎች ወደ ዴ ሞይን ከተማ ያጎርፍ ነበር። በክላርክ ዘመን ወንበሩን ከያዙት መካከል ራሳቸው፣ እናታቸው ወይም አያታቸው በዚያ ጨዋታ የተጫወቱ ሴቶች አሉ። ኮከቧ ስትመጣ ወንበሩ ባለቤት ነበረው።

የሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እንዲህ ያለ ውርስ ሳይኖረው ነው የተነሣው። ዶውን ስቴይሊ በ2008 የሴቶቹን ቡድን ማሠልጠን ሲጀምሩ የመጀመሪያው የውድድር ዘመን በ10 ድልና በ18 ሽንፈት ተጠናቀቀ። ስቴይሊ ከተማውን ቤት ለቤት እንደሚዞር ሰው ቀረቡት፦ ትኬቱ ርካሽ ሆኖ ቆየ፤ ተጫዋቾችና ደጋፊዎች ተዋወቁ፤ አሠልጣኟ ራሳቸው ደጋፊዎችን በስም የሚያውቁ፣ በአደባባይም የሚያመሰግኑ ሆኑ። 18,000 ሰው በሚይዘው አዳራሽ ቡድኑ ከ2014–15 የውድድር ዘመን ጀምሮ በሴቶች ቅርጫት ኳስ በአማካይ የተመልካች ቁጥር ሀገሪቱን ሲመራ ቆይቷል። የመጀመሪያውን ብሔራዊ ዋንጫ ያነሣው ግን በ2017 ነው። እርግጥ ነው፣ ቡድኑ ከ2017 በፊትም በደንብ ማሸነፍ ጀምሮ ነበር፤ ድልና ተመልካች አብረው አደጉ ማለት ይቻላል። ነገር ግን ዋንጫው ሕዝቡን አመጣ ማለት አይቻልም፤ ሕዝቡ ከዋንጫው ቀድሞ እዚያ ነበር።

ዕዳው

ይህ ሁሉ የስሜት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ተትቶ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገሩ ግን የገንዘብና የፍትሕ ጉዳይም ነው። በብዙ መካከለኛና አነስተኛ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ክፍሉ ትልቁ የገቢ ምንጭ የትኬት ሽያጭ ሳይሆን ተማሪዎች የሚከፍሉት የግዴታ ክፍያና ከዩኒቨርሲቲው በጀት የሚሰጥ ድጎማ ነው። አንድ ጨዋታ እንኳ አይቶ የማያውቅ፣ ማታ ማታ እየሠራ የሚማር ተማሪ ሳይቀር ይከፍላል። ስለዚህ ተማሪው በነጻ የሚገባ እንግዳ አይደለም፤ ዋጋውን አስቀድሞ የከፈለ ሰው ነው። ካናቴራው ስጦታ ተብሎ ሲሰጠው የተገዛው በራሱ ገንዘብ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

በዚህ ላይ ግፊቱ እየጨመረ መጥቷል። በጁን 2025 በፌዴራል ፍርድ ቤት የጸደቀው ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ፈቅዷል፤ የ2025–26 ጣሪያው ለአንድ ዩኒቨርሲቲ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። ተጫዋቾቹ ለደከሙበት ዋጋ ማግኘታቸው ተገቢ ነው። አሳሳቢው ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። በጀት የጨነቀው አስተዳደር ዓይኑን መጀመሪያ የሚጥለው ከሜዳው ዳር ባሉት ወንበሮች ላይ ነው፤ እነርሱን ለባለጸጋ ደጋፊ ሸጦ ተማሪውን ወደ ጥግ ወይም ወደ ላይኛው ፎቅ መግፋት በወረቀት ላይ ትርፍ ይመስላል። ነገር ግን ለለጋሹ የሚሸጠው ምሽት ዋጋ ያገኘው በተማሪው ድምፅ ነው። ድምፁን አርቆ ወንበሩን መሸጥ ዘሩን በልቶ አዝመራ እንደ መጠበቅ ነው።

«የቴሌቪዥን ገቢ እስካለ ድረስ አዳራሹ ባይሞላስ?» ለሚል ደግሞ የወረርሽኙ ዘመን መልስ ይሰጣል። በ2020–21 ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በባዶ ወይም ባዶ በሚያህል አዳራሽ ተጫውተዋል፤ በኢንዲያና ግዛት የተካሄደው የ2021 የወንዶች ብሔራዊ ውድድርም ከአዳራሾቹ አቅም እስከ 25 በመቶ የሚደርስ ተመልካች ብቻ እንዲገባ ተፈቅዶለት ነበር። ጨዋታው ተካሄደ፤ ስርጭቱም ቀጠለ። ይህ የሚያሳየው ስርጭቱ ያለ ተመልካች መኖር እንደሚችል ነው። ዩኒቨርሲቲው ግን ለተማሪዎቹ ክፍያ ምክንያት አድርጎ የሚያቀርበው የማኅበረሰብ ሕይወትን እንጂ ስርጭትን አይደለም። ማኅበረሰብ ደግሞ በአዳራሹ ካልተገኘ የትም አይገኝም።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከተባለው የሚከተሉት አራት እርምጃዎች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ከሜዳው ዳርና ከቅርጫቶቹ ጀርባ ካለው ቦታ የተወሰነ ክፍል የተማሪዎች መሆኑ በዩኒቨርሲቲው ደንብ ይጻፍ፤ የበጀት ወቅት በመጣ ቁጥር የሚነሣ የድርድር ጉዳይ አይሁን። «ተማሪው ባይመጣ ወንበሩ ባዶ ይቀራል» የሚለው ሥጋት ተገቢ ቢሆንም መፍትሔ አለው፤ ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ያልተያዘው ቦታ በርካሽ ዋጋ ለአካባቢው ነዋሪና ለትምህርት ቤት ልጆች ይለቀቅ።

ሁለተኛ፣ የዚያ ክፍል አስተዳደር፣ ማለትም ወረፋው፣ መዝሙሩ፣ ልማዱና ሥነ ሥርዓቱ፣ በተማሪዎች እጅ ይሁን። አስተዳደሩ የሚያስቀምጠው ድንበር ሁለት ብቻ ይሁን፦ የሰው ደኅንነትና ዘርን፣ ጾታን ወይም ሃይማኖትን የሚነካ ስድብ። በዚህ ድንበር ውስጥ ለሚፈጠረው ነገር የጽሕፈት ቤት ፈቃድ መጠየቅ አይገባም።

ሦስተኛ፣ መርሐ ግብሩ ለግቢው የቀን መቁጠሪያ ይታዘዝ። ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ጃንዩዋሪ አጋማሽ ብዙዎቹ ተማሪዎች በዕረፍት ላይ ናቸው፤ በዚያ ወቅት የሚደረገውን ጨዋታ ለተማሪ ማስተዋወቅ በባዶ ቤት ደጃፍ እንደ መጣራት ነው። ያ ወቅት የከተማው ነዋሪና የሕፃናት ይሁን። በጎረቤት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል በየዓመቱ እየተፈራረቁ የሚደረግ ጨዋታም ከተገዛ ድል ይልቅ ሰው ያፈራል፤ አምስቱ የፊላደልፊያ ዩኒቨርሲቲዎች ያሳዩት ይህንን ነው።

አራተኛ፣ ቁጥሩ እውነተኛ ይሁን። ዎል ስትሪት ጆርናል በ2018 ስለ ኮሌጅ የአሜሪካ እግር ኳስ ባወጣው ዘገባ በበር ላይ የተቃኘው ትኬት በይፋ ከተነገረው የተመልካች ቁጥር በአማካይ 71 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ቅርጫት ኳስ ሌላ ስፖርት ነው፤ የተሸጠን ወይም የታደለን ትኬት እንደ ተገኘ ሰው የመቁጠር ፈተና ግን ለሁለቱም አንድ ነው። የተሰራጨ ትኬት ሰው አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎች በበር የገባውን ሰው፣ በተለይም የተማሪውን ቁጥር ለይተው ካላሳተሙ የትኛው እርምጃ እንደሠራ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ለተመራማሪው የቀረው ሥራ

በዚህ መስክ የሚደረጉ ጥናቶች ብዙ ጊዜ የሚመረኩዙት በአማካይ የተመልካች ቁጥር ላይ ነው። አማካዩ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይደባልቃል። አሥር ጨዋታ የተመለከቱ አንድ ሺህ ሰዎችና አንድ አንድ ጨዋታ የተመለከቱ አሥር ሺህ ሰዎች በአማካዩ ውስጥ እኩል ናቸው፤ ለዩኒቨርሲቲው ግን እኩል አይደሉም። ትኬት በስልክ በሚቃኝበት በዚህ ዘመን የመመላለስን መጠን የግለሰብን ማንነት ሳይገልጹ ማጥናት ይቻላል። ከዚህም ሌላ ዩኒቨርሲቲዎች አዳራሻቸውን ሲያድሱ የተማሪዎችን ክፍል ከቦታ ቦታ ያዛውራሉ። ይህ ለተመራማሪ ያልታሰበ ሙከራ ነው፤ ከዝውውሩ በፊትና በኋላ ያለውን መረጃ ካልተዛወረ አቻ ዩኒቨርሲቲ ጋር በማነጻጸር ቅርበት ምን ያህል እንደሚመዝን፣ የቡድኑን ውጤት ለይቶ፣ መለካት ይቻላል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ትክክል ከሆነ የተማሪው ክፍል በተገፋበት ዩኒቨርሲቲ የተማሪው ቁጥር በቡድኑ ውጤት ከሚገመተው በላይ ይቀንሳል፤ በመጥፎ የውድድር ዘመን ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። ይህ ባይሆን መከራከሪያው ውድቅ ይሁን።

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት አስተዳደርን ለሚያጠኑም ከዚህ የሚወሰድ ነገር አለ። የአሜሪካው ኮሌጅ ስፖርት ገንዘብና ስክሪን ሊያስደንቅ ይችላል፤ ነገር ግን ሰውን ያጸናው እርሱ አይደለም። ያጸናው አብዛኛው ነገር በጀት የማይጠይቅ፣ ይልቁንም አስተዳደሩ ከእጁ እንዲለቅ የሚጠይቅ ነው። ብዙ ተማሪ በግቢው ውስጥ በሚያድርበት ዩኒቨርሲቲ ተመልካቹ ከሜዳው የሚርቀው ጥቂት ደቂቃ በእግር ነው። እዚያም ቢሆን መቅደም ያለበት ጥያቄ ሰውን በምን እናምጣ የሚለው አይደለም፤ ሲመጣ የራሱ የሆነ ቦታ ያገኛል ወይ የሚለው ነው።